ሁለተኛው ሽቦ

ትዕግሥት ለሰው ሲታደል እኔ ምናልባት ሌላ ቦታ ስሮጥ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ «ይህን ሰውዬ ምን ያንቀዠቅዠዋል?» እንዳትሉኝ ነው። ስሜ አባተ ነው፤ ሥራዬ በመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ድሬሰርነት ነው። የአገሩ ሰው ግን ቁስል ያጠበውን ሁሉ ሐኪም ስለሚል እኔንም «ሐኪም» ይለኛል። የማጫውታችሁ ነገር የሆነው በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነው። ረኃቡ ሰውን ከየገጠሩ እየነቀለ ከተማችን ላይ አፍስሶታል። ሬድዮኑም በየቀኑ ሌላ ነገር ያወራል፤ ሚኒስትሮቹ ወረዱ ይባላል፣ ወታደሩ ተነሣ ይባላል፣ ሠራተኛው አድማ መታ ይባላል። ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። እኔማ በደህናውም ጊዜ ቁጭ አልልም።

አንድ ሐሙስ ጧት ለረኃብተኞቹ መጠለያ ሕፃናት የሚሆን ስንዴ በሁለት አህያ አስጭኜ እትዬ ሀሊማ ወፍጮ ቤት ስደርስ ወፍጮው ቀጥ ብሏል። ሰዉ ከበሩ እስከ መንገዱ ተኮልኩሏል፤ አንዱ በቁና፣ አንዱ በቅል፣ አንዱ በነጠላው ጫፍ የእርዳታ ስንዴውን ቋጥሮ ይጠብቃል።

«ዛሬም?» አልኩ።

«ዛሬም!» አሉ እትዬ ሀሊማ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮውን ብቻቸውን የሚያሠሩ ሴት ናቸው። «ወላሂ ሐኪሜ፣ ይህ ስልክ ከቃዲውም ከቄሱም በላይ ተከበረ። እሱ ሊያወራ ሲል እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንቁም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤቱና ስልክ ቤቱን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። የወፍጮው ሞተር በቤንዚን ስለሚሠራ ካንዴላው እሳት በተፋ ቁጥር በስልኩ ውስጥ «ጣ! ጣ! ጣ!» የሚል ጩኸት ይገባል። ስለዚህ ወፍጮው ከተተከለ ጀምሮ የጸና ደንብ አለ። ስልከኛው አቶ አሻግሬ በመስኮታቸው ነጭ ጨርቅ ሲሰቅሉ ወፍጮው ይቆማል፤ ሲያወርዱት ይነሣል። በደጉ ጊዜ ጨርቁ ቢንጠለጠል ለሩብ ሰዓት ነበር፤ ማንንም ቅር አላለውም። አሁን ግን የእርዳታው ኮሚቴ ወግዲ ስንት ሰው ገባ፣ መኪናው የት ደረሰ፣ መንገዱ ተሰበረ ወይ እያለ ቀኑን ሙሉ ስለሚያስደውል፣ ጨርቁ ከጧት እስከ ቀትር፣ አንዳንዴም እስኪመሽ አይወርድም። ጥሬ ስንዴ ደግሞ ረኃብ ለጎዳው ሰው ምግብ አይደለም። አንጀቱ የሳሳ ሕፃን ጥሬ ሲቆረጥም ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ከተሰለፉት መካከል አልታየች የምትባል፣ ከወግዲ በኩል የመጣች ሴት ነበረች። የአራት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ አንዲት ቅል ስንዴ ታቅፋለች። ባለፈው ሳምንት ምን እንደ ደረሰባት ስለማውቅ ዓይኗን ማየት ፈራሁና ፊቴን አዞርኩ። ሳዞር ከአንድ ወጣት ሰው ጋር ተላተምኩ። አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያያል።

«ሰማይ ላይ ዱቄት አገኘህ?» አልኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በትሕትና። «የስልኩን ሽቦ እያየሁ ነው። ከወግዲ የሚመጣው ሽቦ ሁለት ነው፤ ወደ ቤቱ የገባው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው እዚያ እንጨቱ ጫፍ ካለው ነጭ የሸክላ ሲኒ ላይ ታስሮ ቀርቷል። ለምን ይሆን?»

«ሽቦ ቆጣሪ ነህ?»

«አምባቸው እባላለሁ፤ የደጎሎ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ስማር ትምህርት ቤቱ በረብሻው ተዘጋ። ወግዲ ያለችውን አክስቴን ልፈልግ ስሄድ የተሳፈርኩበት የእርዳታ መኪና መንገድ እስኪጠየቅ ቁም ተባለ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወፍጮው የቆመው በስልኩ ምክንያት ነው የሚሉት እውነት ነው? ሁለተኛው ሽቦ ጤነኛ ከሆነ እኮ መቆም የለበትም» አለኝ።

ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። እጅጌውን ይዤ ወደ ስልክ ቤቱ ጎተትኩት።

አቶ አሻግሬ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ የካኪ ኮታቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሽቦ ተሸካሚ ሆነው ጀምረው ስልከኛ እስኪሆኑ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ መሥመር ላይ ኖረዋል። በጧት ከቤታቸው ሲመጡ በጀበና ውኃ ጨው በጥብጠው ይይዙና ከቤቱ ጀርባ በተቀበረው የመሬት ብረት ላይ ያፈሳሉ፤ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ስልኩ ይሰማል ብለው ነው። እኛ ስንገባ ንግሥቴ ከምትባለው የወግዲ ስልከኛ ጋር እየተነጋገሩ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ ሐኪም። እንግዳም ይዘዋል፤ ተቀመጡ።»

«አልቀመጥም ጋሽ አሻግሬ። ይህ ልጅ ወፍጮው ሳይቆም ስልኩ ይሰማል ይላል።»

ሽማግሌው ማዳመጫውን ከጆሯቸው አነሡና አምባቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሳቅም አላሉ፣ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ግን ይህን ሳልሞክር የቀረሁ ይመስልሃል? ይህቺን የድምፅ ማጉያ ሣጥን አስልኬ አመጣሁ። ቁልፏን ሳዞር የንግሥቴ ድምፅ ይጎላል፤ ጣጣውም እኩል ይጎላል። ከዚያ ወዲህ የማምነው ጆሮዬን ነው። ይህ ጆሮ ከጩኸት መካከል ቃል ለቅሞ ያወጣል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ጆሮዎ ለቅሞ ካወጣ ጨርቁ ለምን ይሰቀላል?» አለ አምባቸው።

አቶ አሻግሬ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «አንተ ልጅ ምላስህስ ደህና ነው» አሉ።

«በድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሣጥንዎ የሚሰማው በአንድ ሽቦ ነው፤ የሽቦውን ኮረንቲ የሚያነጻጽረው ከመሬት ጋር ነው። መሬቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የወፍጮው ሞተርም እዚያው መሬት ላይ ነው የተተከለው። ካንዴላው ሲተፋ ኮረንቲው ድንገት ሽቅብ ዘሎ ይወርዳል። ሣጥኑ ይህ ዝላይ ከሞተር ይምጣ ከሰው አፍ አያውቅም። የመጣለትን ሁሉ ያጎላል።»

«ጨው ባፈስበትስ?»

«ጨዉ ለሞተሩም መንገዱን ያሳምርለታል።»

ይህን ሲል እኔ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ያን ውኃ ስንት ዓመት ሲያፈሱት እንደኖሩ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው ትላለህ?» አሉ ዘግየት ብለው።

«ሁለተኛውን ሽቦ ማስገባት ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የሞተሩ ዝላይ በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። የእሜቴ ንግሥቴ ድምፅ ግን በአንዱ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ፣ አንዱን ሲገፋ ሌላውን ይስባል። ሁለት ጆሮ ያለው ማጉያ እሠራለሁ። የአንዱን ከሌላው ይቀንስና ልዩነቱን ብቻ ያጎላል። እኩል የሆነው ነገር ሲቀናነስ ይጠፋል። እኛ ተማሪ ቤት ዲፈረንሻል አምፕሊፋየር እንለዋለን፤ የልዩነት ማጉያ ማለት ነው።»

«ሁለተኛው ሽቦ መጠባበቂያ ነው!» አሉ አቶ አሻግሬ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «አንዱ ቢበጠስ ምን ልይዝ ነው? ስልከኛ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሳልነካው በክብር ያቆየሁት ለክፉ ቀን ነው። ደግሞም የተቀነሰ ነገር እንዴት ይጎላል? ይህ የቃል ጨዋታ ነው፤ በቃል ጨዋታ የመንግሥት ሽቦ አላስነካም።»

እኔ በዚህ መካከል ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ መስኮቱን አይቻለሁ። ጨርቁ እዚያው ነው። ሰልፉም እዚያው ነው።

«በዓይንዎ ቢያዩትስ?» አለ አምባቸው። «ከዚህ ማዶ ድረስ ይምጡልኝ።»

ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባን። እትዬ ሀሊማ እህል የሚመዝኑበት፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለ። አምባቸው ሁለት እኩል ሚዛን የሚደፉ ድንጋዮች መረጠ፤ አንዱን ለእትዬ ሀሊማ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠን። «እንዳልኳችሁ በአንድ ላይ ልቀቁ» አለ። ለቀቅን። ሳህኖቹ ተነቃነቁ፤ የሚዛኑ ምላስ ግን መካከሉን አልለቀቀም።

«አሁን እርስዎ ጋሼ፣ ከዚህ ስንዴ አንድ እፍኝ ቀኝ ሳህን ላይ ያድርጉ።»

አቶ አሻግሬ እያቅማሙ ጨመሩ። ምላሱ ወዲያው ዘመመ።

«ድንጋዩ የሞተሩ ጣጣ ነው፤ በሁለቱም በኩል እኩል ስለ ወደቀ ሚዛኑ አላየውም። ስንዴው የንግሥቴ ድምፅ ነው። ከድንጋዩ በጣም ያንሳል፤ ግን በአንድ በኩል ስለሆነ ታየ። የልዩነት ማጉያም ሥራው ይኸው ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች እንደ ሁለት ሳህን ሆነው ከአንድ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቢገፏቸው አንዱም ከአንዱ አይበልጥም፤ ልዩነት ሲመጣ ግን ይዘምማሉ። የምናዳምጠው መዝመማቸውን ነው።»

«ትራንዚስተሮቹ እኩል ካልሆኑስ?» አሉ ሽማግሌው፤ ጥያቄያቸው አሁን የክርክር ሳይሆን የሙያ ጥያቄ ነበር።

«ያኔ ጣጣው በልዩነታቸው ልክ ይሾልካል። ስለዚህ መርጦ ማጋጠም ያስፈልጋል።»

«ሳህኑ ካልተካከለማ እኔንም ሌባ ያሰኘኛል» አሉ እትዬ ሀሊማ። «ኧረ በአላህ አቶ አሻግሬ፣ ይህ ልጅ ያሳየዎትን እኔ መሃይሟ ገባኝ፤ እርስዎ ምን ቀረዎት?»

«ገብቶኛል እመቤቴ፤ ነገሩ ገብቶኛል።» አቶ አሻግሬ ስንዴውን ከሳህኑ አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ቁናው መለሱ። «ያልገባኝ መጠባበቂያዬን ማጣቴ ነው።»

«አያጡትም» አለ አምባቸው። «አንዱ ሽቦ ቢበጠስ በቀረው ሽቦና በመሬቱ እንደ ዛሬው ይሠራሉ። የሚያጡት አንዳች ነገር የለም። እስኪበጠስ ድረስ ግን ሁለቱም ሥራ ላይ ይውላሉ።»

ሽማግሌው በበሩ በኩል ሽቦውን አንጋጠው አዩ። ነገር ስለገባው ብቻ ግን ሰው ሁልጊዜ እሺ አይልም። «እንግዲያው ደሴ ያለውን አለቃዬን ፈቃድ ልጠይቅ» አሉ። «ደሴ አድማ ነው ይባላል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚያነሣ የለም። ሲያነሡ እጠይቃለሁ።»

ይህን ሲሉ በውስጤ አንድ ነገር ተበጠሰ። ለሽማግሌ ድምፅ ማንሣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አባቴም ይህን አላስተማረኝም። ግን ጮኽኩ።

«መቼ ያነሣሉ ጋሽ አሻግሬ? ያቺን ሴት ያዩዋታል? ባለ ቅሏን? ባለፈው ሳምንት ሰኞ ስንዴዋን ይዛ መጣች፤ ጨርቁ ተሰቅሎ ነበር፤ ሲመሽ ተመለሰች። ማክሰኞም መጣች፤ ተሰቅሎ ነበር። ማክሰኞ ማታ የስድስት ዓመት ወንድ ልጇ ተደብቆ ከቅሉ ጥሬውን በላ። ረቡዕ እኔ እጅ ላይ ሞተ። ሸጋዬ ነበር ስሙ! እርስዎ ሲኒው ላይ ሽቦ ያኖራሉ፤ ለክፉ ቀን ይላሉ። ከዚህ የከፋ ቀን ከወዴት ይምጣ?»

አልታየች አንገቷን ደፋች። ሐዘኗን በአደባባይ ማንሣቴ ወዲያው አንገበገበኝ፤ ግን የተናገርኩት ተነግሯል።

አቶ አሻግሬ ዞረው ባለ ቅሏን ሴት አዩ። ከዚያ በቀስታ፣ «አላወቅሁም» አሉ። «ጨርቁን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አላወቅሁም።»

ወደ ስልክ ቤታቸው ተመለሱ። ተከተልናቸው። ስልኩን አሽከርክረው ወግዲን ጠሩ።

«ንግሥቴ፣ አድምጪኝ ልጄ። ከመሬት ብረቱ የሚመጣውን ሽቦ ከስልክሽ ፍቺው። በቦታው ያን መጠባበቂያውን ሽቦ እሰሪ። አዎ፣ መጠባበቂያውን! እኔ ነኝ ያልኩሽ፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ። በስምንት ሰዓት እንደዋወላለን።»

ማዳመጫውን አስቀመጡና ጨርቁን ከመስኮቱ ነጥቀው አወረዱት። ከግድግዳው ማዶ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተነሣም። «እስከ ስምንት ሰዓት ያስፈጩ» አሉ። «አንተም ልጄ እስከ ስምንት ሰዓት ሥራ።»

እንግዲህ ሰዓቱ አምስት ነበር። አምባቸው ከሻንጣው ለመለማመጃ የሰበሰባቸውን ያረጁ ሬድዮኖች አውጥቶ ትራንዚስተር ይነቅላል። አንድ በአንድ በአቶ አሻግሬ መለኪያ ይፈትናል፤ «ይሄ ይበልጣል፣ ይሄ ያንሳል» እያለ ይጥላል። እትዬ ሀሊማ ከሰል አቀጣጥለው ላኩልን፤ በዚያ መበየጃ ብረቱ ይግላል። አራት የባትሪ ድንጋይ ከእኔ የእጅ ባትሪ ተወሰደ። እኔ መጠለያ ሄጄ መጣሁ፣ ሁለት ቁስል አጠብኩ፣ ተመልሼ መጣሁ፣ «አለቀ?» አልኩ። እንደገና ሄጄ መጣሁ። በአምስተኛው መምጣቴ አቶ አሻግሬ፣ «ሐኪም፣ እርስዎ ራስዎ ከዚያ ሞተር የበለጠ ጣጣ ያስገባሉ» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

እውነት አላቸው። በሩ ሥር ቆሜ ሰልፉን ቆጠርኩ። አልታየች ከፊት አልነበረችም፤ ለአንዲት አራስ ተራዋን ለቃላት ወደ መጨረሻው ሄዳለች። ከፊቷ አሥራ አንድ ሰው አለ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። የአምባቸው ሥራ በአንዲት የሣሙና ካርቶን ውስጥ የገባች፣ ለዓይን የማትሞላ ነገር ነበረች። ሁለቱ ሽቦዎች በሁለት በኩል ገብተውባታል፤ በሦስተኛው በኩል ወደ ማዳመጫው ትወጣለች። ከመካከሏ አንዲት ማመጣጠኛ ቁልፍ ብቅ ብላለች። ስልኩ ጮኸ። አቶ አሻግሬ ማዳመጫውን አነሡ። ወፍጮው በሙሉ ኃይሉ ይዞራል።

ፊታቸውን እናያለን። አልፈካም።

«ቀንሷል» አሉ። «በጣም ቀንሷል። ግን አለ። ንግሥቴ ስለ መኪናው ትናገራለች፤ ሙሉውን አልያዝኩትም።»

አምባቸው ማዳመጫውን ተቀብሎ ቁልፏን ወዲህ አዞረ፣ ወዲያ አዞረ። ላብ አጠመቀው። «ትራንዚስተሮቹ እኩል ናቸው፤ መዝኛቸዋለሁ። ለምን እንደሚሾልክ አላውቅም» አለ።

አቶ አሻግሬ ጨርቁን ከጠረጴዛው አነሡት። ወደ መስኮቱ ሲሄዱ እኔ ወጥቼ አየሁ። ከአልታየች ፊት አንድ ሰው ቀርቷል። እኔ ማንን እንደምለምን አጣሁ፤ ኮሚቴውም እውነት አለው፣ መኪናው መንገዱን ሳያውቅ ከተነሣ ወግዲ ያሉትም ይራባሉ። ይህን ያህል የጨነቀኝ ቀን አላስታውስም።

ሽማግሌው ግን ጨርቁን እንደያዙ መስኮቱ ላይ ቆመው ቀሩ። ጆሯቸውን ወደ ማዳመጫው አዘነበሉ፤ እንደገና ወደ ውጭ፣ ወደ ሽቦው አዩ።

«አምባቸው፣ እኩል ይወድቃል አልክ እኮ» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኩል አይወድቅም። ይህ የቀረው ጣጣ የቀኝ ሽቦ ጣጣ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰማሁት እሱን ነው፣ አያታልለኝም። በወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሲያልፉ የቀኙ ሽቦ ለሞተሩ በስንዝር ይቀርባል፤ የግራው በክንድ ይርቃል። የቀረበው ብዙ ይጠጣል።»

አምባቸው ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ማቀያየር! መካከል ላይ ቦታቸውን ቢለዋወጡ ግማሹን መንገድ አንዱ ይቀርባል፣ ግማሹን ሌላው፤ ድምሩ እኩል ይሆናል! ተምሬዋለሁ እኮ፤ ረሳሁት።»

«ታዲያ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው የስልክ እንጨት መካከሉ ላይ አይደል የቆመው?» አሉ አቶ አሻግሬ፣ ኮታቸውን እየፈቱ።

ከሣጥን ሥር የዛገ የእግር ብረት አወጡ፤ እንጨት የሚወጡበት ነው። ስድስት ዓመት አላጠለቁትም። እኔ «ኧረ ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያስቡ!» ብል፣ «እርስዎ ከሥር ሆነው ይሩጡ» አሉኝ። ወጡ። ሰልፈኛው ሁሉ አንጋጦ ያያል። እትዬ ሀሊማ «ያረቢ፣ ያረቢ» ይላሉ። ሽማግሌው እንጨቱ ጫፍ ላይ በወገብ ማሰሪያ ተንጠልጥለው የቀኙን ሽቦ ወደ ግራ ሲኒ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ሲኒ አሻገሩ፤ እንዳይነካኩም አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አሳለፉ። ወፍጮው አንዴም አልቆመም።

ወርደው ገቡ። ማዳመጫውን አነሡ። በግራ እጃቸው ቁልፏን ይዘው በጣም በትንሹ አዞሩ፤ እንደገና በትንሹ መለሱ። አምባቸው ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። እኔም ለአንዲት ደቂቃ ቆሜ መቆየቴን እመሰክራለሁ።

በድንገት ፊታቸው ተለዋወጠና ማዳመጫውን ጥለው ወደ መስኮቱ ሮጡ።

«ምነው አቆሙት? ማን አቁሙ አላቸው?» ብለው ጮኹ።

«ማንም አላቆመውም ጋሼ» አልኳቸው። «ይኸው፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል!»

ቆመው አዳመጡ። በጆሯቸው ሞተሩ ይጮኻል፤ ማዳመጫውን ሲያነሡ ዝም ይላል። ሦስት ጊዜ አነሡ፣ ሦስት ጊዜ አወረዱ። ከዚያ ለአምባቸው፣ ከዚያም ለእኔ ሰጡን። ንግሥቴ ወግዲ ሳትሆን ጎረቤት ቁጭ ብላ የምታወራ ያህል ትሰማለች፤ «አቤት! ምን ነካችሁ? መንገዱ ደህና ነው፣ መኪናው ይነሣ አልኩ እኮ! ትሰሙኛላችሁ?» ትላለች።

«እንሰማለን ልጄ» አሉ አቶ አሻግሬ። «እንሰማለን። ደግመሽ አትናገሪ፤ ሁሉንም ሰማን።» እንባቸውን በካኪ እጅጌያቸው ጠረጉ፤ አልደበቁንም።

እንግዲህ የዚህን ነገር ጥቅም ሳልናገር ባልፍ ያንገበግበኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍጮው ከማለዳ እስከ ምሽት ይፈጫል፤ ስልኩም ያወራል። የወግዲ መኪና መንገድ ጠይቆ የሚነሣው በደቂቃ ነው። የመጠለያው ሕፃናት አጥሚታቸውን በሰዓቱ ያገኛሉ፤ በጥሬ ስንዴ የሚመጣብኝ በሽተኛ ከወር በኋላ አንድም አልነበረም። የመንግሥት ብር አልወጣም፤ ሽቦው እንጨቱ ላይ ነበር፣ ትራንዚስተሩ ከተጣለ ሬድዮን ተነቀለ። ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ያለ አሮጌው ጆሮ አልቻለም፤ አሮጌው ጆሮም ያለ ትምህርቱ አሥራ አንድ ዓመት ጨው ውኃ ሲያፈስ ኖረ። ድምፅ አልሰማ ያላችሁ ሁሉ ከመጮኻችሁና ከማጉላታችሁ በፊት ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ መርምሩ እላለሁ። በዚያ ዘመን ደግሞ የወሎን ድምፅ ያልሰማው ስልክ ቤት ብቻ አልነበረም።

አምባቸው በዚያው መኪና ወግዲ ሄደ፤ አክስቱንም በሕይወት አገኛት። ያን ዕለት ስልኩ በተሰማ በግማሽ ሰዓቱ እኔ አህዮቼን ላስጭን ወፍጮ ቤት ስመለስ አልታየች ዱቄቷ ወጥቶላታል። ነገር ግን በቅሉ ስንጥቅ እየፈሰሰ አስቸገራት። አቶ አሻግሬ ከስልክ ቤት ወጡ። በእጃቸው ያ ነጭ ጨርቅ ነበር። ጎንበስ ብለው መሬቱ ላይ ዘረጉላት፤ ዱቄቱን ገለበጡና አራቱን ጫፍ በገዛ እጃቸው ቋጠሩላት።

«እቴ» አሉ ቀና ብለው። «ያን ሰኞና ማክሰኞ ይህን ጨርቅ የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አልታየች ጨርቁን አየች፤ እሳቸውንም አየች። ያዘለቻት ልጇ ከጀርባዋ እጇን ሰድዳ ቋጠሮውን ዳበሰች።

«አውቃለሁ አባባ» አለች። «ዛሬ ግን አላስቆሙትም።»

ቋጠሮዋን አንሥታ ወደ መጠለያው ወረደች። ከኋላዋ ወፍጮው ይፈጫል።